ባንኩ ተዘግቶ የቆጠራቸው ወራት

ላሊበላ ላይ ወደ አየር ማረፊያው የሚወርደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው፣ ከተማውን ሳይጨርስ በስተግራ በኩል ሰባት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት ያገኛል። ቤቱን ያቆሙት ምሥራቅና ባሏ ከፋለ ናቸው። ከፋለ ግንበኛ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ይሰነብትና ቅዳሜ የራሱን መሠረት ይቆፍራል። ምሥራቅ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። የተወለደችው ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ካለ የገበሬ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ ከተማ መጥታ አክስቷ ዘንድ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሆቴል ተቀጠረች፣ የቀረው ዕድሜዋ አንሶላ በመቀየር አለፈ። ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስከፋው ሳይነግራት ታውቅ ነበር። አለቆቿ ሲቀያየሩ እሷ አልተቀየረችም። አንድ ቀን የራሴን አልጋ አነጥፋለሁ የሚል ሐሳብ ግን ከልቧ ወጥቶ አያውቅም።

በ2009 ዓ.ም. ባንክ ራሱ ፍለጋ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ጊዜ ላሊበላ እንግዳ የሞላባት ከተማ ነበረች። ለገና ማደሪያ ይጠፋና ሰው በየግለሰቡ ቤት ይተኛ ነበር። የባንክ ሠራተኞች በየሰፈሩ እየዞሩ ካርታ ያለው ሰው ብድር እንደሚያገኝ ይናገሩ ነበር። ባልና ሚስቱ ሁለት ወር ያህል ሲመካከሩ ከርመው ፈረሙ። መያዣው የሚኖሩበት ቤትና ቦታው ነው። ካርታው ከሣጥናቸው ወጥቶ ባንኩ ካዝና ገባ፣ በምትኩ ሲሚንቶና ብረት መጣ። በ2010 ለገና ፔንሲዮኑ ተከፈተ። ሰባቱም ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት ሞላ፤ ባለቤቶቹ ከጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ እያደሩ እንግዳ አስተናገዱ።

ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር አንድም ቀን ሳያጓድሉ ከፈሉ። ከዚያ ኮሮና መጣ። አውሮፕላኑ ቆመ፣ እንግዳው ቆመ። ባንኩ ለጥቂት ወራት ክፍያውን አስተላለፈላቸውና ወለዱን በዋናው ላይ ደመረው። ከፋለ «ይሁን፣ ያልፋል» አለ። ሳያልፍ ጦርነቱ ደረሰ።

በነሐሴ 2013 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ የባንኩ ሠራተኞች በዋዜማው ወጥተው ነበር። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ የባንኩ ብረት በር ተቆለፈ፤ ከሳምንት በኋላ በሩ ተሰብሮ ውስጡ ተዘረፈ። ምሥራቅ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ባንክ አላሰበችም። ከፋለ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መድኃኒቱን በየቀኑ በመርፌ ነው የሚወስደው። ሆስፒታሉ ውስጥ የነበረው አለቀ፣ መድኃኒት ቤቶቹ ዘንድ የነበረው አለቀ፣ ሰው ቤት ተርፎ የነበረውም ተለምኖ አለቀ። ኩልመስክ በምትባለው ከተማ አንድ ሰው ዘንድ ሁለት ብልቃጥ አለ ሲባል ምሥራቅ በእግሯ ሄደች። ስትደርስ ሰውየው ለገዛ እናቱ ተጠቅሞበት አገኘችው። ባዶ እጇን ተመለሰች። ከፋለ በኅዳር ሞተ። ያቆመውን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ እየሞቀ ነው የሞተው፤ ያንቀላፋ መስሏት አንድ ጊዜ አልፋው ሄዳ ነበር።

በታኅሣሥ ታጣቂዎቹ ወጡ። ባንኩ ግን እስከ ሰኔ አልተከፈተም። መብራቱ አልተመለሰም፣ ዕቃው አልተተካም። ምሥራቅ በየወሩ መጀመሪያ ላይ እየሄደች የተሰበረውን በር አይታ ትመለስ ነበር። ለምን እንደምትሄድ ስትጠየቅ «ልማድ ነው» ትላለች። በሰኔ 2014 በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ከገቡት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች።

የብድር ባለሙያው ጣሃ ይባላል፤ የመርሳ ከተማ ልጅ ነው፣ ለላሊበላ አዲስ ነበር። ወንበር ሰጥቷት ሒሳቧን ከማሽኑ አውጥቶ ዘረጋላት። ወረቀቱ ላይ ከነሐሴ እስከ ሰኔ ድረስ በየወሩ አንድ መስመር አለ። ምሥራቅ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው፣ አሥራ አንድ ሆኑ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቅጣት ወለድ ነው፣ እትዬ ምሥራቅ። ክፍያ ሲዘገይ ሲስተሙ በራሱ ይቆጥራል።»

«ታዲያ ለማን ልከፍል ኖሯል? እናንተ እኮ አልነበራችሁም።»

ጣሃ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። «እውነትዎን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሲስተሙ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። እዚያ አልተዘጋም።»

በራሱ እጅ ማመልከቻ ጻፈላት። ቅጣቱ እንዲነሣና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም የሚለው ደብዳቤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። መልስ አልመጣም። በዓመቱ ሁለተኛ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ። በመካከሉ አገሩ እንደገና ተናወጠ፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት እንግዳው ከነጭራሹ ጠፋ። ምሥራቅ አራቱን ክፍል ለአስተማሪዎች በወር አከራይታ ያገኘችውን ይዛ ትሄዳለች፤ የምትከፍለው ግን ቅጣቱን እንኳ አይሸፍንም። ዋናው ብድር ከተበደረችበት ቀን ይልቅ በለጠ እንጂ አልቀነሰም።

የመጀመሪያው ሐራጅ የወጣው በእሷ ላይ አይደለም። ጋሻዬ የላሊበላ የቀድሞ አስጎብኚ ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ እንግዳ ተቀብሎ አሸተን ማርያም ድረስ በበቅሎ ሲያወጣ የኖረ፣ አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። እሱም እንደ እነምሥራቅ ተበድሮ አሥር ክፍል ሠርቶ ነበር። ባንክ ያበደረውን ካልተከፈለው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን መሸጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ጋዜጣ ላይ ያወጣል፣ ይሸጣል። የጋሻዬ ቤት በመጀመሪያው ገዢ ጠፍቶ በጥቅምት 2017 በሁለተኛው ሐራጅ ተሸጠ። ምሥራቅ አልጋውን ለማውጣት ሄዳ ረዳችው። አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ይዘው ከበሩ ሲወጡ ጋሻዬ ዞር ብሎ አላየም። ብቸኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ አልወለዱም። ምሥራቅ ካልተከራዩት ክፍሎች አንዱን ሰጠችው። ኪራይ ልክፈል ብሎ ተከራከራት። እሷም እስኪደክመው ጠብቃ ቁልፉን እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት።

በኅዳር ማስጠንቀቂያው ለእሷም ደረሰ።

ከተማው ውስጥ ቤታቸውን አስይዘው የተበደሩና ሐራጅ የተነገረባቸው ሰዎች ሲቆጠሩ ሠላሳ ሰባት ሆኑ። ተሰብስበው ስማቸውን ጻፉና አቤቱታቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ላኩ። ብዙዎቹ ይሰማናል ብለው አይደለም። የሚላክበት ሌላ ቦታ ስለጠፋ ነው። ነገር ግን ከሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ አቤቱታ ይጎርፍ ኖሮ፣ አንድ ቋሚ ኮሚቴ ባንኮች ችግር ላይ የወደቁ ተበዳሪዎችን እንዴት እንደያዙ በግልጽ መድረክ ሊመረምር ቀን ቆረጠ። ከላሊበላ ሁለት ሰው ይምጣ ተባለ። ሠላሳ ሰባቱ ምሥራቅንና ጋሻዬን መረጡ። እሱን መናገር ስለሚያውቅበት፣ እሷን ወረቀቷ አንድም ስላልጎደለ።

አንድ ወረቀት ግን ጎድሏት ነበር። ቅርንጫፉ ከመቼ እስከ መቼ ተዘግቶ እንደነበር ባንኩ ራሱ የጻፈው ማስረጃ የላትም። ወደ ጣሃ ሄደች።

«ልለምንህ አልመጣሁም» አለችው። «ሊጎዳህ የሚችል ነገር ከሆነ እምቢ በለኝ፣ አልቀየምህም።»

ጣሃ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ «በጽሑፍ ይጠይቁኝ» አላት። «ደንበኛ በጽሑፍ ከጠየቀ ቅርንጫፉ መቼ እንደተዘጋ መንገር ምስጢር አይደለም። መመሪያውን አንብቤዋለሁ።» ማመልከቻዋን ተቀብሎ መዝገብ ላይ አስፍሮ፣ ሦስት መስመር የሆነች ደብዳቤ ጻፈላት። ማኅተምም አሳረፈበት። ወረቀቱን ሲሰጣት «አብሽሩ እትዬ» ብቻ አላት።

በግንቦት መጀመሪያ ሁለቱ በአውቶቡስ ተነሡ። ወልዲያ አድረው፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገቡ። ያረፉት ከላስታ ሰዎች አንዱ ቤት፣ ኮተቤ ነው። ጉባኤው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ከቀትር በኋላ የምሥራቅ ስልክ ጠራ። ደዋዩ ሰውነት እባላለሁ፣ የባንኩ የሕግ ክፍል ኃላፊ ነኝ አላት። ሊያገኛት እንደሚፈልግ «ከፈቀዱልኝ» እያለ በአክብሮት ነገራት። እሷም አራት ኪሎ አንድ ሻይ ቤት ሄደች።

ሰውነት አርባ ዓመት የሚሞላው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሻይ አዘዘላት። ፋይሏን ራሱ እንዳነበበውና እንዳዘነ ነገራት። ከቦርሳው ሦስት ገጽ አወጣ። የአሥራ አንዱም ወር ቅጣት ሙሉ በሙሉ ይነሣል፣ የቀረው በአሥር ዓመት ይከፈላል፣ ሐራጁ ይቀራል። ምሥራቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሟ፣ የከፋለ ስም፣ የካርታው ቁጥር፣ ሁሉም ትክክል ነው።

«ለሁላችንም ነው?» አለች።

«ጉዳዮች በየግላቸው ነው የሚታዩት እትዬ። የእርስዎን ማየት ተችሏል።»

«ነገስ?»

ሰውነት ማንኪያውን ከብርጭቆው አወጣ። «ነገ መምጣት መብትዎ ነው። ጉዳይዎ አልቆ ከሆነ ግን መናገር የግድ አይሆንብዎትም። ረቂቁን ይያዙት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከበሩ አካባቢ እኖራለሁ።»

ተመልሳ ወረቀቱን ለጋሻዬ ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ምሥራቅ እንዲቆጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ መልሶ እጇ ላይ አደረገው።

«ፈርሚ» አለ።

«አያ ጋሻዬ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«የኔ ተሸጧል። ብትናገሪም አይመለስም፣ ዝም ብትዪም አይመለስም። ቢያንስ አንድ ቤት ይትረፍ። ከፋለ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲጠርብ አይቼዋለሁ።»

«ሠላሳ አምስቱስ? የላኩን እነሱ ናቸው።»

«እነሱ አንቺን ላኩሽ እንጂ ቤትሽን አልላኩም።»

ይህን ብሎ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ምሥራቅ ብቻዋን ቀረች። ሐሳቧ ወዲያና ወዲህ እያለ አንድ ቦታ አልረጋ አላት። አሥር ዓመት ማለት መተንፈሻ ነው፤ አራቱን ክፍል እንዳከራየች ብትቀጥል ትወጣዋለች። ደግሞ ፊታቸው ይመጣባታል። ቤቷን ለልጆቿ ማሳደጊያ ያስያዘችው ጎረቤቷ፣ ሚኒባሱን ሸጦ እንኳ ያልሞላለት ሰው፣ አቤቱታውን ሲፈርም ብዕር የተበደራት ሽማግሌ። ሁሉም «ምሥራቅ ወረቀቷ ሙሉ ነው» ብለው ነው የመረጧት። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያይ በበሩ ላይ ፈርማ ብትመለስ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ለማሰብ ሞከረች። የምትለው ቃል አላገኘችም። እስኪነጋ ቆረጠች ማለት አይቻልም። ጠዋት ልብሷን ስትለብስም አልቆረጠችም ነበር። ረቂቁን ከጣሃ ደብዳቤ ጋር በአንድ ላስቲክ ከታ ያዘችው።

በምክር ቤቱ በር ላይ ሰውነት ቆሞ ነበር። ምሥራቅ እጅ ነሥታው አለፈች። ተከትሏት አልመጣም።

አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ምንጣፉ ድምፅ ይውጣል። በአንድ ወገን የኮሚቴው አባላት፣ በሌላው የባንክ ኃላፊዎች፣ ከኋላ ከየከተማው የመጡ ተበዳሪዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ሽበቷን ያልሸፈነች፣ ቁርጥ ያለ ንግግር ያላት ሴት ናት። የባንኩ ፕሬዚዳንት በቅድሚያ ተናገረ። ክፉ ሰው አይመስልም። ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ የራሱ ሳይሆን የቆጣቢው መሆኑን፣ ተበዳሪ ካልከፈለ የድሃ ቆጣቢ ገንዘብ እንደሚጠፋ፣ በጦርነቱ ባንኩም ብዙ ቅርንጫፍ እንደተዘረፈበት ተናገረ። ምሥራቅ እየሰማች ይህስ እውነት ነው አለች በልቧ። በመጨረሻ «ሐራጅ የመጨረሻ አማራጫችን ነው። ችግር ለገጠማቸው ደንበኞቻችን ሁሉ በእኩል ዓይን የማራዘሚያ ዕድል ሰጥተናል» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ሰብሳቢዋ ከላሊበላ የመጣችውን ጠራች። ምሥራቅ ተነሣች። ማይክራፎኑን አንድ ወጣት ሴት አበራችላት። ጠረጴዛውን በእጇ ተደገፈች። ስለ ብድሩ፣ ስለ ኮሮናው፣ ስለ አሥራ አንዱ መስመር ተናገረች። ስለ ከፋለ «በዚያው ጊዜ ባለቤቴ ሞተ» ከማለት በቀር አልጨመረችም። የጣሃን ደብዳቤ ሰጠች። ሰብሳቢዋ አንብባ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረች።

«ቅርንጫፋችሁ አሥራ አንድ ወር ዝግ እንደነበር የራሳችሁ ደብዳቤ ይናገራል። ቅጣቱ የተቆጠረው ደግሞ በእነዚያው ወራት ነው። እንዴት ነው?»

«ደንበኞች በየትኛውም ቅርንጫፋችን መክፈል ይችላሉ፣ ክብርት ሰብሳቢ። የግድ ላሊበላ መሆን የለበትም።»

ምሥራቅ አልተቀመጠችም ነበር። «የትኛው?» አለች። ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ። «ወልዲያ ተይዟል። ኋላ ደሴም ተይዟል። እኔ ለባለቤቴ መድኃኒት ፍለጋ ኩልመስክ ደርሼ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከኩልመስክ ወዲያ መንገድ አልነበረም።»

ሰብሳቢዋ ማስታወሻ ጻፈችና ቀና አለች።

«ማራዘሚያ ስንት ጊዜ ጠየቁ?»

«ሦስት ጊዜ። በደብዳቤ።»

«ምን ተባሉ?»

«መልስ አላገኘሁም» አለች ምሥራቅ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ሰውነትን በዓይኗ ፈለገችው፤ ከፕሬዚዳንቱ ኋላ ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያያል። «እስከ ትናንት» ብላ ጨመረች።

«ትናንት ምን ሆነ?»

ምሥራቅ ረቂቁን ከላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችው። «ይሄ ተሰጠኝ። የጠየቅሁት ሁሉ አለበት። ለሠላሳ ሰባታችን ከሆነ አሁን እዚሁ እፈርማለሁ፣ አመሰግናለሁም። ለእኔ ብቻ ከሆነ ግን መልሱላቸው።»

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን እሷ ራሷ አታስታውሰውም። ያልተናገረችውን ግን ታስታውሳለች። ወረቀቱን ማን እንደሰጣት ስትጠየቅ «ባንኩ» አለች እንጂ የሰውነትን ስም አልጠራችም። ሰብሳቢዋ ረቂቁን ለአባላቱ አዙራ፣ ለአንዲት ደንበኛ በአንድ ቀን የተቻለ ነገር ለሌሎቹ በሦስት ዓመት ያልተቻለው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ፕሬዚዳንቱ መረጃው እንደሌለውና አጣርቶ በጽሑፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ነገሩን በእርግጥም አያውቅ ይሆናል ብላ አሰበች ምሥራቅ።

ጋሻዬ ተራው ሲደርስ ብዙ ይናገራል ብለው የጠበቁ ነበሩ። «እኔ የምለምነው የለኝም» አለ። «ቤቴ ተሸጧል። የመጣሁት ሲሸጥ የሐራጁ አዳራሽ ውስጥ ስንት ተጫራች እንደነበረ ልንገራችሁ ብዬ ነው። አንድ ነበር። የሠላሳ ዓመት ድካሜን አንድ ሰው ብቻ ዋጋ ጠርቶለት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ሌላ ሰው እንዳይመጣ መንገዱ ዝግ ነበር። ይሄን ጻፉልኝ።» ተጻፈለት።

ላሊበላ ከተመለሱ በኋላ ነገሩ ቶሎ አልተፈታም። በሳምንቱ ከሕግ ክፍሉ ረቂቁ እንደተሻረ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ መጣ። በሰኔ ጣሃ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ ሩቅ ነው፣ ቆላ ነው። ምሥራቅ ሻንጣውን ይዛ እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። «በእኔ ነው» ስትለው «ዝውውር የሥራችን ጠባይ ነው እትዬ» ብሎ ሳቀ፤ እሷ አላመነችውም። በሐምሌ የሐራጅ ማስታወቂያ በግድግዳዋ ላይ ተለጠፈ። ቀኑ ጳጉሜን ሦስት ነው። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ዝናቡ እየዘነበ ማስታወቂያው እየወረዛ ሲላላጥ ታየዋለች፤ አልነካችውም። ከሠላሳ አምስቱ አንዳንዶቹ ያንን ወረቀት ፈርማ ቢሆን ኖሮ ብለው ያዝኑላት ነበር። አንዲት ሴት ግን በገበያ መካከል «አንቺ ተናገርሽና ባንኩን አስቆጣሽብን» አለቻት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሐራጁ ታገደ። ኮሚቴው ያቀረበው ምክረ ሐሳብ ባንኩ ዘንድ ደርሶ ነበር። በጥቅምት 2018 የባንኩ ውሳኔ በጽሑፍ መጣ። ቅርንጫፉ ዝግ በነበረባቸው ወራት የተቆጠረው ቅጣት ለሁሉም ተነሣ፣ የቀረውም በአምስት ዓመት እንዲከፈል ተፈቀደ። ሐራጅ የሚወጣባቸው ቤቶች ቢያንስ ሦስት ተጫራች ካልቀረበ አይሸጡም ተባለ። ከውሳኔው በፊት የተሸጡት አራት ቤቶች ግን ሽያጩ በሕግ አግባብ ስለተፈጸመ አይመለሱም። ከአራቱ አንዱ የጋሻዬ ነው።

አምስት ዓመት አሥር ዓመት አይደለም። ምሥራቅ አዲሱን ውል ስትፈርም ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል አከራየች፣ የቀድሞ ሆቴሏ ሥራ ሲኖረው ሄዳ በቀን ሒሳብ ታነጥፋለች። ሰው ሲጠይቃት አልጸጸትም አትልም። «አንዳንድ ቀን ይጸጽተኛል» ትላለች። «ወር ሲሞላ።»

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዳም የሚባል ሰው ቤቷ መጣ። የጋሻዬን ቤት በሐራጅ የገዛው እሱ ነው፤ የቆቦ ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ጋሻዬን ላናግር ነበር» አለ። «አሳፍሮኝ ነው እስካሁን ያልመጣሁ። የውኃው ቧንቧ ከመንገዱ እስከ ቤቱ በየት በኩል እንደተቀበረ የሚያውቅ አጣሁ። አንድ ቦታ ላይ ፈንድቷል። ግቢውን በሙሉ ከምቆፍር ብዬ ነው።»

ጋሻዬ ከክፍሉ ሆኖ ሰምቶት ኖሯል። ምሥራቅ እምቢ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር። ጋቢውን ደረብ አድርጎ ወጣ። «አንቺም ነይ» አላት። ሦስቱ አብረው ወጡ። ወደ ግቢው ሲገባ ጋሻዬ ለአፍታ ቆም አለ፤ ከወጣ ጀምሮ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ በበትሩ መሬቱን እየነካ ከአጥሩ ጀምሮ ሄደ። «እዚህ ጋ ድንጋይ ስለገጠመን በዚህ ዞርንለት» አለ። «እዚህ ጋ ደግሞ ጥልቀቱ ክንድ ተኩል ነው። ከዚህ በላይ አትቆፍር፣ የመብራቱ ገመድ አለ።» አዳም እየተከተለ በኖራ ምልክት ያደርጋል። እስከ ግድግዳው ድረስ ደረሱ።

አዳም ገንዘብ ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ጋሻዬ በእጁ ከለከለው። «ውኃ ነው» አለ። «ሰው ይጠጣዋል።»

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ጋሻዬ ትንፋሽ አጠረው። ምሥራቅ ክንዱን ያዘችው፣ እሱም አልከለከላትም። እንዲሁ ተያይዘው እስከ ቤት ድረስ ወጡ።